የደመና ጥላ ዳር

«እዚህስ?» አሉ ጋሽ ግዛቸው፣ መኪናው ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም።

ሄርሜላ ካሜራውን በመስኮት አውጥታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ቁልቁል የሚጠማዘዘው መንገድ፣ ግራና ቀኙን ዛፉ እየሳሳ የሚሄደው ተዳፋት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንደ ሰሌን የተዘረጋው ብጫ በረሃ በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ውስጥ ተደርድረው ይጠብቋታል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። የቀራት መጫን ብቻ ነው።

«ብርሃኑ አልተመቸኝም» አለችና ካሜራውን ጭኗ ላይ መለሰችው።

«መጀመሪያ ስንቆም ጉም አለ አልሽ። ሁለተኛ ስንቆም ጉሙ ሄደ አልሽ። አሁን ደግሞ ብርሃን» አሉ ጋሽ ግዛቸው፤ ግራ ገብቷቸው እንጂ ተቆጥተው አልነበረም። «መቼም የጥበብ ሰው እንዲህ ነው። ጋሽ አምባው፣ ይንዱት እስቲ።»

ሾፌሩ ጋሽ አምባው ማርሹን አስገቡና ፒክአፑ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ከኋላ፣ ከሄርሜላ ጎን የተቀመጠው የክፍሏ ልጅ ሰላሐዲን ጉልበቱ ላይ ያለውን የቆጮ ጥቅል አስተካክሎ በመስኮት ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ።

ጋሽ ግዛቸው የዞኑ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ናቸው። ከወሎ፣ ከቆቦ፣ ተመድበው ቦንጋ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ አራት ዓመታት ካልሲያቸው ደርቆ እንደማያውቅ ላገኙት ሰው ሁሉ ይናገራሉ። «የቦንጋ ክረምት ዘጠኝ ወር ነው፤ የቀረው ሦስት ወር ደግሞ ዝናብ» ይላሉ። ዛሬ ግን ወደ ኦሞ በረሃ እየወረዱ ስለሆነ ገና ከጠዋቱ ፊታቸው ፈክቷል። መኪናው በዴቻ ወረዳ አድርጎ ቆላ ላለው የእንስሳት ጤና ኬላ መድኃኒት ያደርሳል። እግረ መንገዱን ደግሞ ሄርሜላ ፎቶ ታነሳለች። አዋሳ ላይ ለሚደረገው የክልሉ ኤግዚቢሽን ዞኑ ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ማቅረብ አለበት፤ አንዱ ደን፣ አንዱ በረሃ። የደኑ ከተነሳ ቆይቷል። እንዲያውም ሄርሜላ ለዚህ ጉዞ የተመረጠችው በእሱ ምክንያት ነው። «ደኑን ያሳየችን ልጅ በረሃውንም ታሳየን» ተባለ።

ችግሩ፣ የደኑን ፎቶ ያነሳችው እሷ አለመሆኗ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው። ያን ጊዜ ፎቶ ማንሳት ለሄርሜላ እንደ መሳቅ ያለ፣ ሳያስቡት የሚመጣ ነገር ነበር። የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ አንድ አሮጌ ዜኒት ካሜራ በስጦታ ሲያገኝ፣ አጠቃቀሙን ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ከጋሽ ሀብተሥላሴ የተማረች እሷ ብቻ ስለነበረች ካሜራው እሷ ዘንድ ተቀመጠ። በዝናብ የራሰ የልብስ ገመድ ታነሳለች። ዝናቡ ሲያባራ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣውን እንፋሎት ታነሳለች። ወንዝ መሃል የተጎለተ ድንጋይ ታነሳለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙሽራና የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩት ጋሽ ሀብተሥላሴ ይህ ይደንቃቸዋል። «ልጄ፣ ሰው የሌለበትን ፎቶ ማን ያሳጥበዋል?» ይሏታል። እሷ ትስቃለች። ፊልሙ ጅማ ሄዶ ታጥቦ እስኪመጣ ግን እንቅልፍ የላትም።

ታዲያ አንድ ማለዳ ክበቡ ደን ሊጎበኝ ወጣ። ካሜራው አንድ ነው፤ ተማሪው ሃያ ነው። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። ፊልሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ታጥቦ ሲመጣ ማን የትኛውን እንዳነሳ የሚያስታውስ አልነበረም። ከሠላሳ ስድስቱ መካከል አንዱ ግን ሁሉንም ዝም አሰኘ። ጉሙ ደኑን እስከ አንገቱ ውጦታል፤ አንድ ዛፍ ብቻ ከጉሙ በላይ ራሱን አውጥቶ ቆሟል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ዓለሙ ፎቶውን ከፍ አድርገው፣ «ሄርሜላ፣ ይቺ ያንቺ ናት» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ዛፏ የጽናት ምሳሌ እንደሆነች ለአምስት ደቂቃ ያህል አስረዱ።

ሄርሜላ አፏን ከፈተች። ያቺ ፎቶ በተነሳችበት ሰዓት እሷ ከወንዙ ማዶ ጫማዋን አውልቃ የእግሯን ጭቃ እየታጠበች ነበር። ካሜራው የነበረው ሰላሐዲን እጅ ላይ ነው። ይህን ልትናገር ስትል ተማሪው አጨበጨበ፤ አፏም ተመልሶ ተዘጋ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሄርሜላ ዝምታ ግን ነቀዘ። ፎቶው ጅማ ተልኮ የበር ያህል ሆኖ ታተመ፤ የዞኑ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። ደርዘን ደብተር ተሸለመች። መንገድ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች «ፎቶግራፈሯ» ብለው ሰላም ይሏት ጀመር። እናቷ እትዬ የሺሃረግ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ይኸው ስምንት ወር፣ አንድም ፎቶ አላነሳችም። ካሜራውን ባነሳች ቁጥር ያ ዛፍ ፊቷ ይደቀናል። የምታነሳው ሁሉ ከእሱ ያነሰ ይመስላታል፤ አንሶ ከተገኘ ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቅባታል።

ለዚህ ነው ለጋሽ ግዛቸው «ረዳት ያስፈልገኛል» ብላ ሰላሐዲንን ያስጠራችው። በልቧ ያሰበችውን ለማንም አልነገረችም። ካሜራውን እንደ ዋዛ ታቀብለዋለች፤ እሱ ያነሳል፤ ፎቶው በእሷ ስም ይወጣል። አንድ ጊዜ ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ምን ከፋው ብላ ነበር።

መኪናው ሜዳው ላይ ሲደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊታቸውን ላሳቸው። ሄርሜላ ሹራብ ለብሳለች። እግሯ ሥር ደግሞ የፕላስቲክ ቦት ጫማና ጥቁር ጃንጥላ አለ። እትዬ የሺሃረግ ናቸው የጫኑባት። «ዝናብ የሌለበት አገር የለም» ብለው ካልያዘች አትሄድም አሉ።

«ጃንጥላ ይዞ በረሃ የሚወርድ የቦንጋ ሰው ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ግዛቸው እየሳቁ። «ቦቱንስ ምን ልታደርጊው ነው? በአቧራ ልትሻገሪበት?»

ጋሽ አምባው መኪናውን ኬላው አጠገብ አቆሙና መድኃኒቱን ማስወረድ ጀመሩ። ጋሽ ግዛቸው ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አላችሁ። ፊልሙ ያለን አንድ ብቻ ነው። አንዲት የምታምር ፎቶ ብቻ ነው የምንፈልገው። ከዓይናችን አትራቁ።»

ሁለቱ ልጆች ከኬላው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄዱ። ሄርሜላ ዙሪያዋን አየች። የምትጠጋበት ደን የለም፤ የሚከልላት ጋራ የለም። ደረቅ ሣር፣ ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም ግራር፣ ከዚያ በሩቅ ቅጠልያ ክር የመሰለው የኦሞ ወንዝ ዳርቻ። የቀረው ሁሉ ሰማይ ነው። ቦንጋ ሰማይ የሚታየው በቁራጭ ነው፤ በቅርንጫፍና በቅርንጫፍ መካከል፣ በጣሪያና በጋራ መካከል። እዚህ ሳይቆረስ ተዘርግቷል።

«እንካ» አለች ካሜራውን እየዘረጋች። «አንተ አንሳ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ። ዓይንህ ጥሩ ነው።»

ሰላሐዲን ካሜራውን አየው፤ ከዚያ እሷን አያት። «እኔ ቆጮ ተሸካሚ ነኝ» አለና እጆቹን ኪሱ ከተተ። «የተጠራሽው አንቺ ነሽ።»

እንዲያ ብሎ ቁርጡን ሲነግራት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ሄርሜላ ብቻቸውን ከቆሙት ግራሮች አንዱን መረጠችና ወደ እሱ ሄደች። ከሩቅ አነሳችው። ከቅርብ አነሳችው። ተንበርክካ አነሳችው። የምትፈልገው ያንኑ የደኑን ፎቶ ነው፤ ጉም በሌለበት ጉም፣ ደን በሌለበት ደን። ፊልሙን ታዞራለች፣ ትጫናለች፣ ታዞራለች። ምንም ደስታ የለውም። እንደ ሒሳብ የቤት ሥራ ነው። ቆጣሪው ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ላቧን ልትጠርግ ካሜራውን አወረደችና ድንገት በካሜራው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ መርፌ አየች። ብርሃን የምትለካዋ መርፌ እስከ መጨረሻው ጥግ ሄዳ ተለጥፋለች።

ደነገጠች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሲያስተምሯት፣ «ደኑ ጨለማ ነው፤ የሌንሱን ዓይን እስከ ጥግ ክፈቺው፤ ከዚያ አትንኪው» ብለዋት ነበር። እሷም አልነካችውም። የቦንጋ ሰው ካሜራ እንደዚያው ነው፤ ሁልጊዜ እንደ ተከፈተ። በዚህ ፀሐይ ግን በዚያ ዓይን የገባው ብርሃን ፊልሙን ጨርሶ አቃጥሎታል።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሰላሐዲን፣ ከኋላዋ ደርሶ።

«ሃያ አምስቱም ሄደ» አለች። «ነጭ ወረቀት ነው የሚወጣው። የሌንሱን ዓይን ሳላጠብበው ነው ያነሳሁት።»

«ሃያ አምስቱም?»

«ሃያ አምስቱም። ዐሥራ አንድ ቀርቶኛል።»

ሰላሐዲን በብብቱ ይዞት የመጣውን ጃንጥላ ከፈተና ከበላይዋ ያዘላት። ሁለቱም ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሩቅ ሆነው የሚያዩአቸው ጋሽ ግዛቸው መቼም ምን ያህል እንደሳቁ ግልጽ ነው። ሄርሜላ ግን ሳቅ የሚመጣበት ሆድ አልነበራትም። ካሜራውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች።

«ሰላሐዲን፣ እኔ ፎቶ ማንሳት አልችልም» አለች። «የደኑ ፎቶ የኔ አይደለም። ያንተ ነው። እኔ ወንዝ ማዶ ነበርኩ። ሲያጨበጭቡ ዝም አልኩ።»

ሰላሐዲን አንድ ጠጠር አንስቶ ወረወረ። «አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም? ያኔ ተናድጄ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገርኩሽም፤ አንቺ ግን ‹ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?› አልሽኝ።»

ሄርሜላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሙቀቱ ከሰማይ ይሁን ከጉንጯ መለየት አቃታት።

«ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ» አለ ሰላሐዲን። «ከዚያ ትልቁ ፎቶ ተሰቀለ። ነገር ከቆየ ደግሞ ለመናገር ያሳፍራል። እኔም ብናገር ቀንቶ ነው ይሉኛል። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ዛፉን ላነሳ አልነበረም።»

«ምን ልታነሳ ነበር?»

«ጉሬዛ። ዛፉ ጫፍ ላይ አንድ ጉሬዛ ተቀምጦ ነበር። እኔ ቁልፉን እስክፈልግ ዘሎ ሄደ። ዛፉ ብቻ ቀረ።»

ሄርሜላ እጆቿን ከፊቷ ላይ አነሳች። «መምህር ዓለሙ የጽናት ምሳሌ ያሉት ዛፍ?»

«አዎ፣ እሱ። የሸሸ ጉሬዛ ምሳሌ ነው።»

መጀመሪያ ከአፍንጫዋ አንድ ድምፅ አመለጣት። ከዚያ ሳቋ መጣ። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሰላሐዲንም ጃንጥላው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ስምንት ወር እንቅልፍ የነሳት፣ በር የሚያህል ሆኖ አዳራሽ የተሰቀለው ፎቶ ያመለጠ ጉሬዛ ነው። ሳቋ ሲያባራ ደረቷ ቀለል ብሏት ነበር። ሀፍረቱ አልጠፋም፤ ግን ከላይዋ ወርዶ አጠገቧ የተቀመጠ ያህል ሆነ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች።

«እሺ። ግን ሁለተኛ ጉንፋን እንዳትዪኝ» አለ።

ሄርሜላ ዓይኗን ስትጠርግ ነው ያየችው። ብጫው ሜዳ ላይ፣ በሩቅ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል። የተቃጠለ ሣር መሰላት። ደግማ ስታየው ግን ቦታውን ለቋል።

«ያ ነገር ይንቀሳቀሳል» አለች።

ሰላሐዲንም ተነሳ። «የከብት መንጋ ነው?»

«አይደለም፤ ከብቶቹ ያውና እዚያ ናቸው። ከብቶቹ ላይ ወጣ። አየኸው? ግማሾቹ ጠቆሩ።» ቀና ብላ ሰማዩን አየች። አንዲት ነጭ ደመና ብቻዋን ትሄዳለች። «ጥላዋ ነው። የደመናዋ ጥላ ነው።»

የሌላ አገር ልጅ ቢሆን ይህ ምን ይገርማል ይል ይሆናል። የቦንጋ ልጅ ግን የሚያውቀው ደመና ክዳን ነው። ከተማውን ሁሉ ይከድናል፤ ከሥሩ ሆኖ ማን ዳሩን ያያል? ደመና ጥላ እንዳለው፣ ጥላውም ዳር እንዳለው፣ ዳሩም ሜዳ ላይ እንደሚራመድ ሁለቱም አይተው አያውቁም። ጥላው ድንጋይ ሲያጋጥመው ይወጣዋል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ይወርዳል፤ ግራሩን ከእግሩ እስከ ራሱ ውጦ በሌላ በኩል ይተፋዋል።

ሄርሜላ ሳታስበው ካሜራው እጇ ላይ ነበር። መርፌዋ የምታሳየውን ያህል የሌንሱን ዓይን አጠበበች። አንዴ ተጫነች። ፊልሙን አዞረች። ከብቶቹ ግማሾቹ ፀሐይ ላይ፣ ግማሾቹ ጥላ ውስጥ ሲሆኑ ደግማ ተጫነች። ደንበኛ ፎቶ ይሁን አይሁን አላሰበችም። ማየት ብቻ ነው የፈለገችው፤ ካሜራው ደግሞ የበለጠ ያሳያታል። ድሮም፣ በልብስ ገመዱ ጊዜ፣ እንዲህ ነበር። ረስታው ነበር እንጂ ይህ ስሜት የእሷ ነው፤ ማንም ያላጨበጨበለት ደስታዋ።

«ወደኛ እየመጣ ነው» አለች። «ሩጥና መንገዱ ላይ ቁም። ሲደርስብህ ንገረኝ።»

ሰላሐዲን ሮጦ መቶ ሜትር ያህል ራቀና እጁን ዘርግቶ ቆመ። «መጣ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መጣ፣ ሃያ እርምጃ ቀረው፣ ዐሥር… ገባሁ። ኧረ ይቀዘቅዛል።» ሄርሜላ እየሳቀች ስለሆነ ካሜራው ተንቀጠቀጠባት። ክርኗን ጎኗ ላይ አስደግፋ ጥላው የሰላሐዲንን ግማሽ ሲይዝ ተጫነች። ከዚያ ጥላው እሷም ዘንድ ደረሰ፤ እግሯን፣ ጉልበቷን፣ ፊቷን አቀዘቀዘና አለፈ።

ጋሽ ግዛቸው ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። «እባብ ነው?» አሉ እያለከለኩ።

«የደመና ጥላ ነው፣ ጋሽ ግዛቸው» አለች ሄርሜላ። «ሌላ እየመጣ ነው። ያዩታል? እዚያ ጋ።»

ጋሽ ግዛቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ለረጅም ጊዜ አዩ። «እኔ ያደግኩት እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ከብት ስንጠብቅ እየተከተልን ከሥሩ እንሮጥ ነበር። ከነመኖሩም ረስቼው ነበር።» ትንሽ ቆዩና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «በይ፣ እኔንም አንዴ አንሺኝ።»

እንደ ማንኛውም የቢሮ ሰው ፎቶ ላይ የሚቆሙት አንድ ዓይነት ነው፤ ደረታቸውን ነፉ፣ ጣታቸውን ወደ አድማሱ ቀሰሩ። ሄርሜላ ጠበቀች። «ትንሽ ይቆዩ፣ እንዳይነቃነቁ» አለቻቸው። ጥላው መጣ፣ የተቀሰረችዋን ጣታቸውን ብቻ ፀሐይ ላይ ተወና ሌላውን ሁሉ ሸፈነ። ያኔ ተጫነች። ሰላሐዲን ከኋላ ሆኖ ሳቁን ለመደበቅ ሳል ሳለ።

ሠላሳ ስድስተኛውን ካነሳች በኋላ ፊልሙ ማለቁን ለማረጋገጥ ማዞሪያውን ገፋ አደረገችው። ዞረ። አንዳንዴ ፊልም እንዲህ አንድ ምርቃት ያስቀራል። ካሜራውን ለሰላሐዲን ሰጠችው። አሁን እውነተኛ ስጦታ ነበር፤ እሱም ገብቶት ተቀበላት። ፊቱን አዙሮ አንድ ነገር አነሳ። ምን እንዳነሳ ብትጠይቀው «ሲታጠብ ታያለሽ» ብቻ አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳገቱን ጀመሩ። ቆጮውን በማር እየበሉ ወጡ። በረሃው ከኋላቸው እያነሰ፣ ዛፉ ከፊታቸው እየበዛ ሄደ። ሄርሜላ ሹራቧን መልሳ ለበሰች። ካሜራው ጭኗ ላይ ነው፤ ውስጡ ያለውን ፊልም ገና ማንም አላየውም።

ጋሽ ግዛቸው ከፊት ወንበር ላይ አንድ ፋይል ከፍተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ነገ ማለዳ ወደ አዋሳ የሚሄድ ሰው አለ፤ ቅጹንና የደኑን ፎቶ ይዞ ይሄዳል። የዛሬው ጅማ ታጥቦ ይደርሳል» አሉና እስክሪብቶ አወጡ። «ተራ ቁጥር አንድ፤ ደን በማለዳ። ፎቶ አንሺ…»

ሰላሐዲን ወደ ሄርሜላ ዘወር አለ። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ተይው ማለቱ ነው። የምር ነበር። እሱ ይቅር ብሏታል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ብትተወው አዳራሹም፣ «ፎቶግራፈሯ» መባሉም፣ የእናቷ ኩራትም ባለበት ይቀጥላል። ከተናገረች ደግሞ እጇ ላይ የሚቀረው ይህ ፊልም ብቻ ነው፤ ሃያ አምስቱ እንደተቃጠለ የምታውቀው፣ የቀረው ይውጣ አይውጣ የማታውቀው። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላሉ እናቷ፣ የጎረቤት ሹሩባና የጆሮ ጌጥ ባዩ ቁጥር። ሄርሜላ በዚያ ሰዓት ያሰበችው ግን ተረቱን አይደለም። ያ ጥላ ፊቷ ላይ ሲያልፍ የተሰማትን ቅዝቃዜ ነው። ያንን ስሜት ከዚያ ፎቶ ጋር በአንድ ስም ሥር ማስቀመጥ አልፈለገችም።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ስሜን አይጻፉት» አለች።

«ምን?»

«የደኑ ፎቶ የኔ አይደለም። ሰላሐዲን ነው ያነሳው። እኔ ያን ጊዜ ወንዝ ማዶ ነበርኩ። መምህር ዓለሙ የኔ መስሏቸው ነው፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሰኞ እነግራቸዋለሁ። ለእናቴም ዛሬ እነግራታለሁ።»

ጋሽ አምባው መኪናውን ዝግ አደረጉት። ጋሽ ግዛቸው ዞረው ተራ በተራ አዩአቸው። ሰላሐዲን የሹራቡን ክር ይጎትታል።

«ታዲያ እኮ ዛሬ ያመጣንሽ በዚያ ፎቶ ነው» አሉ ጋሽ ግዛቸው።

«አውቃለሁ። የዛሬውም ቢሆን ከሠላሳ ስድስቱ ሃያ አምስቱን አበላሽቻለሁ። የሌንሱን ዓይን ሳላጠብበው ነው ያነሳሁት። ዐሥራ አንድ ነው ያለው። እሱም ላይወጣ ይችላል።»

ጋሽ ግዛቸው በረጅሙ ተነፈሱ። መኪናው አንድ ጉድጓድ ዘለለ። ከፊታቸው ጉሙ መውረድ ጀምሯል።

«እና ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ምን ልጻፍ?» አሉ በመጨረሻ። «ላይወጣ የሚችል ፎቶ፣ የማን ልበል?»

ሄርሜላ ካሜራውን በሁለት እጇ ያዘች።

«የኔ» አለች። «ቢወጣም ባይወጣም የኔ ነው።»

ጋሽ ግዛቸው ትንሽ አሰቡና የእስክሪብቷቸውን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ሰላሐዲን፣ የአባትህ ስም ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሀምዛ» አለ ሰላሐዲን። ጉሮሮውን ጠራረገና ይሰማ ዘንድ ደገመው። «ሰላሐዲን ሀምዛ።»